ታቱ ቤት ወይስ ቤት ድረስ የሚመጣ ታቱ ሠሪ? የዋጋና የንጽህና ንጽጽር

አዲስ አበባ ውስጥ ታቱ መሠራት የፈለገ ሰው ዋጋ ሲያጠያይቅ ሁለት የተራራቁ ቁጥሮች ይሰማል። ታቱ ቤት የሚጠየቀው አንድ ነው፤ ማሽኑን በቦርሳ ይዞ ቤት ድረስ የሚመጣው ወይም ፀጉር ቤት ጓዳ ውስጥ የሚሠራው ግን የዚያን ግማሽ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይጠይቃል። ከዚያ የተለመደው ጥያቄ ይከተላል፦ «ሁለቱም በመርፌ አይደል የሚሠሩት? ትርፉን የምከፍለው ለቤት ኪራይ ነው?» አይደለም። ታቱ ቤት ሂዱ። ብሩ ካልበቃ ሥዕሉን አሳንሱ፣ ወይም ቀለሙን ትታችሁ በጥቁር ብቻ አሠሩ፤ ከመርፌው ላይ ግን አትቆጥቡ።

ዋጋው ከምን እንደተሠራ እንይ። የመዳፍ ስፋት ላለው ሥራ ሁለት ወይም ሦስት ካርትሪጅ (ማሽኑ ጫፍ ላይ የሚገጠም መርፌ ያለበት ቀፎ) ይሄዳል፤ አንዱ ለመስመር፣ የቀሩት ለጥላ። አራት አምስት የቀለም ኩባያ፣ አምስት ስድስት ጥንድ ጓንት፣ አንድ አዲስ ምላጭ፣ ማሽኑን፣ ገመዱንና የሳሙናውን ጠርሙስ የሚሸፍን ላስቲክ፣ የአልጋ መሸፈኛ፣ ሶፍት። እናንተ ስትነሱ ይህ ሁሉ መጣል አለበት። ርካሽ የሚሠራ ሰው ቅናሹን የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ነው፤ ካርትሪጁ ለሚቀጥለው ሰው ይቀመጣል፣ ከኩባያው የተረፈው ቀለም ተመልሶ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፣ ጓንቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ይሆናል። ስለዚህ ዋጋ ስትከራከሩ «አዲስ መርፌ በዚህ ውስጥ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለአዲስ መርፌ ለብቻው የሚያስከፍል ቦታ ካጋጠማችሁ ውጡ፤ ያልከፈለው ደንበኛ በምን እንደተሠራ ነግሯችኋል።

መርፌው ራሱ አስመስሎ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ደህናው ካርትሪጅ እያንዳንዱ ለብቻው ታሽጎ ይመጣል፤ እሽጉ ላይ በኤትሊን ኦክሳይድ ጋዝ ጀርሙ መገደሉ፣ የምርት ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን ታትሟል። ቀኑ ካርቶኑ ላይ ብቻ ኖሮ እሽጉ ላይ ከሌለ፣ ወይም የእሽጉ ጠርዝ እንደገና በማጣበቂያ የተያዘ ከመሰለ አትቀበሉ። እሽጉ የሚቀደደው እናንተ እያያችሁ ነው። ሌላው የርካሾቹ ጉድለት ውስጣቸው ያለችው ስስ ጎማ አለመኖሯ ነው። ያቺ ጎማ ደምና ቀለም ወደ ማሽኑ እንዳይመለስ ትከለክላለች። ከሌለች ደሙ ሞተሩ ድረስ ይገባል፤ የማሽኑ ውስጥ ደግሞ አይታጠብም፣ ላስቲክ መጠቅለሉም አይረዳም። ሠሪው ጓንት አድርጎ ካርትሪጁን ከኋላ ገፋ አድርጎ እንዲለቀው ጠይቁት፤ መርፌው ራሱ ተመልሶ ካልገባ ሌላ ያምጣ።

ቀለም ላይ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። ዳይናሚክ፣ ኢንቴንዝና ኢተርናል የተባሉት የታወቁ ቀለሞች ሐሰተኛ ቅጂ በኦንላይን በርካሽ ይሸጣል። የምርት ቁጥርና የሚያበቃበት ቀን የሌለበት ጠርሙስ ስሙ ምንም ይሁን ምን ይቅር። ቀለሙን ለማቅጠን የሚጨመረው ውሃም አለ። በ2011 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በኒውዮርክ ግዛት፣ በሮቼስተር ከተማ 19 ሰዎች ማይኮባክቴሪየም ኬሎኔ በተባለ ባክቴሪያ ቆዳቸው ተመርዟል። ባክቴሪያው የተገኘው ከፋብሪካ ቀጥኖ በመጣ ግራጫ ቀለም ውስጥ፣ ባልተከፈተ ጠርሙስ ሳይቀር ነበር፤ ምንጩ ይሆናል ተብሎ የተጠረጠረውም ማቅጠኛው የተጣራ ውሃ ነው። የተጣራው እንዲህ ካደረገ፣ ሮቶ ውስጥ የከረመው ምን እንደሚያደርግ አስቡት። የታሸገ ሃይላንድም ለመጠጥ እንጂ ከቆዳ ሥር ለሚገባ ነገር አልተዘጋጀም። ፋርማሲ ውስጥ በትንንሽ ብልቃጥ የሚሸጥ የመርፌ ውሃ አለ፤ ሠሪው ከሌለው ገዝታችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

«ሁሉንም እንቀቅላለን» ወይም «ማሽን አለን» ሲሏችሁ ሣጥኑን እዩት። ፀጉር ቤቶች ውስጥ የሚታየው ሰማያዊ መብራት ያለው ሣጥን የጸዳ ዕቃ ለማስቀመጥ ካልሆነ ጀርም ለመጨረስ አይበቃም፤ መብራቱ ያላገኘው ጎን እንዳለ ይቀራል። መቀቀልም አልኮል ውስጥ መዘፍዘፍም ጠንካራዎቹን የባክቴሪያ ስፖሮች አይገድሉም። የሚገድለው አውቶክሌቭ የሚባለው በእንፋሎት የሚሠራ ማሽን ነው፤ በግፊት፣ በ121 ዲግሪ ሙቀት፣ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ። መብራት መሃል ላይ ከጠፋ ዙሩ ከመጀመሪያው መደገም አለበት፤ ይህን የሚያደርግና የማያደርገውን ደንበኛ ሊለይ አይችልም። ለዚህ ነው ምርጫዬ ታጥቦ ተመልሶ የሚሠራበት የብረት ዕቃ ጨርሶ የማይጠቀም፣ መያዣው ሳይቀር አንዴ ተሠርቶበት የሚጣል ታቱ ቤት የሆነው። ጠባብና ያላማረ ቢሆንም ግድ የለም።

ቤት የሚመጣው ይህን ሁሉ አሟልቶ ቢመጣስ? አንዳንዱ ያሟላል። ግን ያገለገለው መርፌ የት ይገባል? ክሊኒክ ውስጥ እንዳለው ያለ ሴፍቲ ቦክስ (ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ጠንካራ ሣጥን) ካልያዘ፣ በፌስታል ቋጥሮ ከንጹሑ ዕቃ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ይከተዋል። ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ ሰባት ቀን ይቆያል። ደም የነካውን ጠረጴዛ ለማጽዳትም በረኪና ያስፈልጋል፤ 5 በመቶ የሆነው አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ ተበጥብጦ አሥር ደቂቃ ይቆይበታል። ሳሎናችሁ ውስጥ ይህን የሚያደርግ አላየሁም። በቅንድብ ሥራም ነገሩ ያው ነው፤ ስለቱ አዲስ መሆን አለበት። አገር ቤት በእሾህና በጥላሸት የሚሠራው ንቅሳትም ውበቱ እንዳለ ሆኖ፣ በአንድ መርፌ ተራ በተራ ከተሠራ አደጋው አንድ ነው።

ቁጭ ካላችሁ በኋላ እጁን ተከታተሉ። በጓንቱ ስልክ ካነሳ ጓንቱን ይቀይር። ቫዝሊኑን ከትልቁ ዕቃ በጣቱ እየጨለፈ ከሆነ አስቁሙት፤ መጀመሪያ በንጹሕ እንጨት ተቀንሶ ነው የሚቀመጠው። የሚያደነዝዝ ቅባት ከቀረበላችሁ ሊዶካይን የተባለውን የማደንዘዣ መድኃኒት መጠን አንብቡ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ከ4 በመቶ በላይ ስለሆኑት አስጠንቅቋል። ሰፊ ቦታ ላይ ተቀብቶ በላስቲክ ሲሸፈን መድኃኒቱ ወደ ደም ገብቶ የልብ ምት ሊያዛባ ይችላል።

የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሦስት ዙር ነው፣ በተለመደው አሰጣጥ ስድስት ወር ይፈጃል፤ ለታቱ ብር ማጠራቀም ስትጀምሩ ክትባቱንም ጀምሩ። ለሄፓታይተስ ሲ ግን ክትባት የለም። መርፌው ያገለገለ እንደነበር ከተሠራችሁ በኋላ ካወቃችሁ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ፤ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፣ የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም በመጀመሪያው ቀን ቢሰጥ ይመረጣል። ያኔ የሚደረገው የኤችአይቪ ምርመራ ነጻ ናችሁ ቢልም ሦስት ወር ሲሞላ ይደገማል።