ስፔክትረም ወይስ ኮሞዶር? ከኪሴ የወጣ መልስ

ባለፈው ሰሞን ከቅዳሴ በኋላ ሻይ እየጠጣን አንዲት ወዳጄ ጠጋ አለችና፣ «ባሌ ሃምሳ ሊሞላው ነው። ልጅ ሆኖ የተጫወተበትን ያንን የጎማ ኪቦርድ ያለውን ኮምፒውተር ልገዛለት አስቤያለሁ። የትኛው ይሻላል?» አለችኝ። ዘንድሮ ይህን ስትጠይቀኝ አራተኛዋ ሰው ናት። በሰማንያዎቹ በልጅነታችን ለንደን የገባን የሐበሻ ልጆች አሁን ጸጉራችን ሸብቷል። ናፍቆታችን ደግሞ ሁለት ነው፤ አንዱ የአገር ቤት፣ ሌላው የስምንት ቢት ጌም፣ ማለትም የዚያ ዘመን የኮምፒውተር ጨዋታ። ለመጀመሪያው ትኬት ይቆረጣል። በሁለተኛው ግን ብዙ ሰው ገንዘቡን ይበላል። እኔም ተበልቻለሁ። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ቀጥሎ ለሚጠይቀኝ ይህንኑ ልላክለት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ምርጫው በዚያ ዘመን በሁለት የቤት ኮምፒውተሮች መካከል ነው፤ የጎማ ኪቦርድ ያለው ስፔክትረምና ተፎካካሪው ኮሞዶር 64። አስቀድሜ ልናዘዝ፤ እኔ የስፔክትረም ወገን ነኝ። ሁለቱም ማሽኖች የወጡት በ1982 ነው። የክላይቭ ሲንክሌር ስፔክትረም ባለ 16ኬው 125 ፓውንድ፣ ባለ 48ኬው 175 ፓውንድ ነበር (ኬ የሜሞሪው መጠን ነው)። ኮሞዶር 64 አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ 595 ዶላር ነበር። እዚህ እንግሊዝም ሲመጣ የስፔክትረም ታላቅ ወንድም እንጂ እኩያው አልነበረም። የስደተኛ ቤት የትኛው እንደገባ መቼም አይጠፋችሁም። እኛ ቤት በ1985 የገባው ያገለገለ ስፔክትረም ነው። ኮሞዶሩ የነበረው ጎረቤታችን ቤት ነው። ሙዚቃው በግድግዳው አልፎ ይሰማኝ ነበር።

እና ሰው ሲያድግ ምን ያደርጋል? ያላገኘውን ይገዛል። ገዛሁ።

ኮሞዶሩን ያገኘሁት ኢንተርኔት ላይ ከአንድ ግለሰብ ነው። «ተሞክሯል፣ ይሠራል፣ ከኦሪጅናል አዳፕተሩ ጋር» ይላል። 120 ፓውንድ። እውነትም ሠርቷል። አሥራ አንድ ቀን። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስከፍተው ጥቁር ስክሪን ሆነ።

ወንጀለኛው «ኦሪጅናል» የተባለው አዳፕተር ነው። ይህንን ብቻ አንብባችሁ ብትሄዱ አይቆጨኝም። የኮሞዶር 64 ጥንታዊ አዳፕተር ጡብ የሚያህል ጥቁር ሳጥን ነው። አብዛኞቹ ውስጣቸው በሙጫ ተሞልቶ ስለተደፈነ ከፍቶ መጠገን አይቻልም። ሁለት ዓይነት ኃይል ያወጣል፦ 9 ቮልት ኤሲ እና 5 ቮልት ዲሲ። ሲያረጅ አምስቱን ቮልት የሚቆጣጠረው ክፍል ይበላሻል። አምስቱን ወደ ስድስት፣ ሰባት፣ ከዚያም በላይ ይለቀዋል። ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚቃጠሉት የሜሞሪ ቺፖቹ ናቸው። ማለትም ሻጩ አልዋሸኝም። ማሽኑ ይሠራ ነበር። የገደለው «ጉርሻ» ብሎ የጨመረልኝ ነገር ነው።

አዲስ አስተማማኝ አዳፕተር በ38 ፓውንድ ገዛሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይኼ ነው። የሜሞሪ ቺፖች 16 ፓውንድ። ስምንቱን ነቅሎ ስምንት መበየድ ሁለት ቅዳሜ በላብኝ። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ሲመጣ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ጌም ጫንኩ። ድምፅ የለም።

የኮሞዶር ሞገሱ ድምፁ ነው። ሲድ የሚባለው ቺፕ፣ ቦብ ያነስ የነደፈው፣ በሦስት ድምፅ ሙዚቃ ይጫወታል፤ በዘመኑ ተወዳዳሪ አልነበረውም። ችግሩ ይህ ቺፕ መመረት ካቆመ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ያለው እያለቀ ነው፣ ፈላጊው ግን አላለቀም። እንዲህ ሲሆን ማን እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ፎርጅድ! ሌላ የማይረባ ቺፕ ይወስዱና ጀርባውን ፍቀው የሲድን ቁጥር ይጽፉበታል። የመጀመሪያውን በ22 ፓውንድ ገዛሁ፤ ዝም። ሁለተኛውን ከሌላ ሻጭ በ18፤ እሱም ዝም። ከድጡ ወደ ማጡ። ጽሑፉን ጥፍሬን አሴቶን ነክሬ ባሸው ለቀቀ። በመጨረሻ አንድ ጠጋኝ ዓይኔ እያየ ሰክቶ፣ አሰምቶኝ፣ 60 ፓውንድ ተቀበለኝ። አልተከራከርኩም።

አንድ ነገር እግረ መንገዴን፦ ሲድ ሁለት ዓይነት ነው። የድሮው 6581 በ12 ቮልት፣ የኋለኛው 8580 በ9 ቮልት ይሠራል። አንዱን በሌላው ቦታ እንዳትሰኩት።

እስቲ እንደምረው። 120፣ 38፣ 16፣ 22፣ 18፣ 60። ሁለት መቶ ሰባ አራት ፓውንድ! አዲሱ «ዘ ስፔክትረም»፣ ማለትም የስፔክትረም ዘመናዊ ቅጂ፣ በ2024 ሲወጣ 89.99 ነበር። ሦስት ገዝቼ ሻይ መጠጫ 4 ፓውንድ ይተርፈኝ ነበር።

ስፔክትረሙን የገዛሁት ደግሞ እሑድ ጠዋት ሰው ከመኪናው ጀርባ ዕቃ በሚሸጥበት ገበያ ነው። ሻጩ 60 አለ፣ 40 አልኩ፣ በ45 ተስማማን። በሽታው ብዙ ነው፤ አልዋሽም። ግን በሽታው ሁሉ የድሃ በሽታ ነው፤ መድኃኒቱ ርካሽ።

አንደኛው ኪቦርዱ ነው። ከጎማው ሥር ስስ የፕላስቲክ ወረቀት አለ። ከዚያ ወጥተው ወደ ቦርዱ የሚገቡት ሁለት ሪባኖች በዕድሜ ደርቀው እንደ ደረቅ እንጀራ ይሰባበራሉ። ክዳኑን ገና ስትከፍቱት ቀጭ! ይላል። ስለዚህ ከመክፈታችሁ በፊት አዲሱን እዘዙ። እኔ 14 ፓውንድ ከፈልኩ፣ አንድ ሰዓት አልፈጀም። ላዩ ላይ የተጣበቀችውን ቆርቆሮ ግን በዝግታ አንሷት፤ ከታጠፈች አትቃናም።

ሁለተኛው አዳፕተሩ ነው። 9 ቮልት ነው፣ ነገር ግን መሐሉ ኔጌቲቭ ነው። ዛሬ ቤታችሁ ያሉት አብዛኞቹ መሐላቸው ፖዘቲቭ ነው። ሰኪው ይገባል፣ ልክ ይመስላል፣ ያቃጥላል። ለዚሁ ማሽን የተሠራ በ11 ፓውንድ አለ። እሱን ግዙ።

ሦስተኛው ቴሌቪዥን ነው። ስፔክትረም የሚያወጣው የአንቴና ምልክት ነው፤ ቻናል 36 ላይ ፈልጋችሁ ነበር የምታገኙት። የዛሬ ቴሌቪዥን ቢያገኘውም በረዶ ይጥልበታል። መፍትሔው የአንቴናውን ክፍል አልፎ ቪዲዮውን በቀጥታ በአንድ ካፓሲተር ማውጣት ነው። ካፓሲተሯ መሳቢያዬ ውስጥ ነበረች። እዚህ ላይ ለኮሞዶር እውነቱን ልስጠው፤ እሱ ሲወለድ ጀምሮ የቪዲዮ መውጫ አለው። የጆይስቲክ ቀዳዳም ሁለት አለው። ስፔክትረም አንድም የለው፤ ከኋላው የሚሰካ ኬምፕስተን የሚባል ዕቃ 20 ፓውንድ አስወጥቶኛል።

45፣ 14፣ 11፣ 20። ዘጠና ፓውንድ። ከአዲሱ በአንድ ሳንቲም ይበልጣል፤ ግን ኦሪጅናል ነው!

ከባዱ በሽታው የታችኛው ሜሞሪ ነው። እነዚያ ቺፖች ሦስት ዓይነት ቮልቴጅ ይፈልጋሉ። ያንን የምታዘጋጅ አንዲት ትንሽ ትራንዚስተር አለች፣ ቦርዱ ላይ «TR4» ተብላ የተጻፈች። እሷ ስትሞት ቺፖቹን ይዛ ትሞታለች። ሰው ግን ብዙ ጊዜ ቺፖቹን ቀይሮ እሷን ይረሳል፤ አዲሶቹም ይከተላሉ። መጀመሪያ እሷን አዩ።

ጌም መጫን ላይ ስፔክትረም ፍጹም ያሸንፋል። ኮሞዶር የራሱን ቴፕ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ሶኬቱ የራሱ ነው። ስፔክትረም ግን ማንኛውንም ቴፕ በጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ይሰማል። ዛሬ ቴፕ ባይኖራችሁ የጌሙን ድምፅ ከስልካችሁ ብታጫውቱለት ይጭናል። ድምፁን ከፍ አድርጉት፣ የስልኩን ጥሪ ዝጉት። እኔ አራት ደቂቃ ጠብቄ ሊያልቅ ሲል እህቴ ደውላ አበላሽታብኛለች።

በልጅነቴ የምጠቀመው የእናቴን ቴፕ ነበር። ያኔ ስልክ ውድ ስለነበር ደብዳቤው በካሴት ይቀዳና በሰው እጅ ይላካል። አያቴ ከደሴ የላከችውን ካሴት ባዶ መስሎኝ ከጓደኛዬ ጌም ገለበጥኩበት። እናቴ እሑድ እንግዶች ሰብስባ ከፈተችው። «ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን...» ከዚያ ጭርርርርር! አንደኛዋ እንግዳ አማተበች። ጌሙም ቢሆን ሙሉ አልነበረም። ሊያልቅ ሲል ካሴቱ አለቀ፣ ስክሪኑ ላይ የመጫን ስህተት የሚለው መልእክት ብቻ ቀረ። አያቴም ጌሙም ግማሽ ግማሽ።

ስለ ጌሞቹ ብዙ አልልም፤ የናፈቃችሁን ታውቃላችሁ። ማሽኑን የሚመርጥላችሁ እሱ ነው። የማቲው ስሚዝን ማኒክ ማይነር (1983) ወይም ጄት ሴት ዊሊ (1984) የምትሉ ከሆነ ስፔክትረም ነው። ሁለተኛው፣ በነገራችን ላይ፣ ሲሸጥ ጨርሶ ማሸነፍ የማይቻል ነበር። ጣሪያው ሥር ያለውን ክፍል ከረገጣችሁ ሌሎች ክፍሎች ይበላሻሉ። እኔ አንድ ክረምት ሙሉ ጥፋቱ የኔ መስሎኝ ነበር። ኢምፖሲብል ሚሽን (1984) ወይም ላስት ኒንጃ (1987) የምትሉ ደግሞ የኮሞዶር ወገን ናችሁ። ቀለሙም ድምፁም እዚያ ይበልጣል። ስፔክትረም ላይ በአንዷ ትንሽ ካሬ ውስጥ ከሁለት ቀለም በላይ አይገባም፤ ጀግናው ዛፍ አጠገብ ሲያልፍ ዛፉን ይመስላል። እኛ ግን ለምደነው ነበር።

አሁን ወደ ዘመናዊዎቹ ቅጂዎች። በ2018 የወጣውን «ሲ64 ሚኒ» አትግዙ። በርካሽ እንኳ። ሲወጣ 69.99 ነበር። ቆንጆ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ኪቦርድ አለው። ኪቦርዱ ግን ቅርጽ ነው፤ አንዱም ቁልፍ አይጫንም። ላም አለኝ በሰማይ! ለአጎቴ ልጅ ገዝቼለት ጣቱን አሳርፎ ቀና ብሎ ያየኝን አልረሳውም። ጆይስቲኩም የላላ ነው። የኃይል አዳፕተርም ካርቶኑ ውስጥ የለም። በ2019 መጨረሻ የመጣው ሙሉ መጠን ያለው 109.99 ነበር። ኪቦርዱ ይሠራል፣ ጆይስቲኩ ቀጭ ቀጭ ይላል። በሁለቱ መካከል ያለችው 40 ፓውንድ በሕይወቴ ካየኋቸው 40 ፓውንዶች ሁሉ የምታስቆጭ ናት።

«ዘ ስፔክትረም» በኅዳር 2024 ወጣ። የጎማው ኪቦርድ ይሠራል፣ በኤችዲኤምአይ ይሰካል፣ 48 ጌሞች ውስጡ አሉ፣ የራሳችሁን በፍላሽ መጨመር ትችላላችሁ። ጎማው እንደ ድሮው ነው፤ ሲነኩት ሬሳ እንደመጨበጥ ነው ይባል የነበረው ያው ስሜት። ቴሌቪዥናችሁን «ጌም ሞድ» ላይ አድርጉት። አለዚያ ዝለል ስትሉት አስቦ ነው የሚዘለው።

ምንም ሳትከፍሉ መሞከር ከፈለጋችሁ ደግሞ ላፕቶፕ ላይ ለኮሞዶር ቫይስ፣ ለስፔክትረም ፊዩዝ የሚባሉ ፕሮግራሞች አሉ። ነፃ ናቸው። አንድ ሳምንት ተጫወቱ። ናፍቆቱ በሁለተኛው ቀን ከወጣላችሁ 90 ፓውንድ አተረፋችሁ።

እምቢ፣ ኦሪጅናሉን ነው የምፈልገው ያላችሁ እንግዲህ ሳይበራ አትክፈሉ። ኮሞዶር ሲከፈት 38911 ባይት ነፃ እንዳለ ይጽፋል። ቁጥሩ ካነሰ ሜሞሪው ታሟል። ቴስተር ይዛችሁ ሂዱ፤ አዳፕተሩ ከ5.2 ቮልት በላይ ካወጣ ማሽኑ ውስጥ እንዳይገባ። ከሁሉም የሚሻለው ሻጩን አመስግናችሁ አዳፕተሩን እዚያው መተው ነው። ስፔክትረም ላይ ደግሞ 16ኬውን 48 ነው ብለው የሚሸጡ አሉ፤ በመልክ አይለዩም። ፕሪንት ፒክ 23732 + 256 * ፒክ 23733 ብላችሁ አስጽፉት። 65535 ካለ 48 ነው። 32767 ካለ ዋጋው ይውረድ። ሻጩ ይህን ስትጽፉ ሲያይ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ሳይወጣ ይወርዳል።

ወዳጄ ይህን ሁሉ ቆማ ሰማችኝ፤ ሻይዋ ቀዘቀዘ። «መበየድ ይችላል?» ብዬ ጠየቅኳት። «አምፖል የምቀይረው እኔ ነኝ» አለችኝ። እንግዲያው ባለ 89.99ኙን አልኳት። ልደቱ መቼ እንደሆነ ስጠይቃት ጥር ነው። አሁን እንዳትገዢ፣ የገና ማግስት ቅናሽ ይድረስልሽ አልኳት።