የፑል ስቲክ በአውሮፕላን፦ በእጅ ይዞ መግባት ወይስ ለጭነት መስጠት?

ለሁለት የሚፈታ የፑል ስቲክ ሲገጣጠም 147 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ሲፈታ እያንዳንዱ ክፍል 74 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የእጅ ሻንጣ ግን በብዙ አየር መንገዶች ከ55 ወይም 56 ሴንቲ ሜትር እንዲረዝም አይፈቀድም። ፍተሻው ቢያሳልፈውም በር ላይ ያለው ሠራተኛ ሊመልሰው ይችላል።

ፍተሻውም አገር ለአገር ይለያያል። የአሜሪካው የአየር ማረፊያ ፍተሻ መሥሪያ ቤት (ቲኤስኤ) ስቲክን ወደ መንገደኞች ክፍል አያስገባም፤ እንግሊዝ ትፈቅዳለች። ችግሩ የሚመጣው በመልስ ጉዞ ወይም በትራንዚት ነው፦ ሲሄዱ ያለፈው ስቲክ እዚያ ይያዛል፤ ሻንጣዎ አስቀድሞ ከተጫነ ደግሞ መጣል ወይም ትቶ መሄድ ግድ ይሆናል። በእጅ መያዝ ያለው ጥቅም፣ ስቲኩ ከዓይን አለመራቁ፣ እውነተኛ ነው። ግን በየደረሱበት ፍተሻ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ለጭነት መስጠት ይሻላል፤ አደጋው ግን አያያዝ ነው። ለስላሳ ቦርሳ ብቻውን አይላክ፤ ከባድ ሻንጣ ሲጫነው ስቲኩ ይጎብጣል ወይም ይሰነጠቃል። እንዲህ ያዘጋጁት፦ የሁለቱንም ክፍሎች መጋጠሚያ በክዳን ይሸፍኑ፣ ጠንካራ ኬዝ ውስጥ ያስገቡ፣ ኬዙን በትልቅ ሻንጣ ውስጥ አግድም አስተኝተው ዙሪያውን ልብስ ይጠቅጥቁ። ኬዙ ቀጥ ብሎ ካልገባ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ይሞክሩ። የስቲኩን ጫፍ ቆዳ መቁረጫ ምላጭም እዚሁ ይግባ እንጂ በእጅ አይያዝ።