የ1950ዎቹን የቢሮ ሕንፃ ማደስ ወይስ አፍርሶ መገንባት?

በአዲስ አበባ መሃል ከተማ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተሠራ የቢሮ ሕንፃ ያለው ተቋም፣ ሕንፃው ይታደስ ወይስ ፈርሶ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ይተካው የሚለው ጥያቄ አይቀርለትም።

ወጪ፦ እድሳት መሠረቱንና ኮንክሪቱን ያተርፋል፤ ሆኖም ግድግዳው ሲከፈት የዛገ ብረትና ያረጀ የኤሌክትሪክ መስመር ስለሚገኝ በጀቱ ሊንር ይችላል። አዲስ ግንባታ ከመነሻው ውድ ቢሆንም ስሌቱ ይበልጥ ግልጽ ነው።

ቦታ፦ በዚህ አዲሱ ያሸንፋል። በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ይህን ያህል ሠራተኛ የሚይዝ አሮጌ ሕንፃ የለም። እዚያው አካባቢ ሄንሪ ሾሜት የነደፈው የባንኩ አሮጌ ክብ ሕንፃ አሁንም መኖሩ ግን፣ ማደግ የግድ ማፍረስን እንደማይጠይቅ ያሳያል፤ ለእኔ ከሁሉም የሚሻለው መንገድ ይህ ነው።

ሊመለስ የማይችለው፦ አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመርቆ፣ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ነው። በ2017 ዓ.ም. ታድሶ ተከፍቷል፤ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት ዛሬም የቀኑን ብርሃን ቀይና ሰማያዊ አድርጎ ወደ ውስጥ ያስገባል። እንዲህ ያለውን ሥራ በየትኛውም ገንዘብ ደግሞ መሥራት አይቻልም።

ስለዚህ አጽሙ ጤነኛ ለሆነና ታሪክ ወይም የጥበብ ሥራ ላለበት ሕንፃ እድሳቱ ይስማማል፤ መሠረቱ ለተጎዳ፣ የተለየ ቅርስ ለሌለበትና ተቋሙ በእጅጉ ላደገበት ግን አዲሱ ግንባታ ይመረጣል።