ሆዴን ባር ባር ሲለኝ የምሄድባት የደሴ እርጎ ቤት

ፒያሳ አካባቢ፣ ወደ ውስጥ በምታስገባ ቅያስ፣ አራት ጠረጴዛ ብቻ ያላት እርጎ ቤት አለች። በሯ ላይ ስም የለም። ሦስት ወር ስመላለስባት ስለከረምኩ የማውቀውን ልጻፍ።

እዚያ የወሰደኝ ጭንቀት ነው። ጠዋት ጠዋት ያለ ምክንያት ልቤ ድው ድው ይላል፣ ሆዴን ባር ባር ይለኛል፣ ቢሮ ገብቼ ሰው ሰላም ሲለኝ እንኳን እደነግጣለሁ። ቁርሴ ምን ነበር? በባዶ ሆድ ሁለት ስኒ ቡና። ቡና ደግሞ ልብ እንደሚያስመታ የማያውቅ የለም፣ ግን ወሎ ተወልዶ ቡና መተው እንዴት ይሆናል!

መጀመሪያ ቀን ባለቤቷ ፊቴን አዩና «አብሽር የኔ ልጅ፣ ገንፎው ደርሷል» አሉኝ። የገብስ ገንፎ ነው። መሐሉ ጎድጎድ ብሎ ቅቤና በርበሬ ሞልቶታል፣ ዙሪያውን እርጎ። እርጎው ከላይ ወፍራም ስልባቦት ይዟል፣ ሲጠጡት ወይራ ወይራ ይላል። ጥሬ ወተት ስለምፈራ ጠየቅኳቸው፤ አፍልተው፣ አቀዝቅዘው፣ በትናንቱ እርጎ ነው የሚያረጉት። ረቡዕና አርብ ለጿሚ ተልባና በሶ አለ።

ያልወደድኩላቸው ግድግዳው ላይ የለጠፉትን ወረቀት ነው፦ «እርጎ ጭንቀትን ያጠፋል»። ኧረ ቀስ! ሴሮቶኒን የሚባለው፣ ከስሜታችን ጋር የሚያያዘው ኬሚካል፣ 90 በመቶ ገደማው አንጀት ውስጥ እንደሚመረት እውነት ነው፣ ግን ያ ከአንጀት ተነስቶ አንጎል ውስጥ አይገባም። ሆድና አንጎል የሚነጋገሩት ቬገስ በሚባለው ነርቭና የአንጀት ባክቴሪያዎች ፋይበር (እንደ ገብስ ባለ እህል ውስጥ ያለውን ቃጫ) ሲያብላሉ በሚያወጧቸው ነገሮች ጭምር ነው፣ ስለዚህ ከእርጎው ይልቅ የገብሱ ገንፎ ሳይሻል አይቀርም። በፈረንጆቹ 2017 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት አለ፦ ድባቴ ያለባቸው ሰዎች ለ12 ሳምንት አትክልት፣ ጥራጥሬና ያልተፈተገ እህል ያዘወተረ አመጋገብ ሲከተሉ 32 በመቶው ከድባቴው ወጡ፣ የሚያጫውታቸው ሰው ብቻ ከተመደበላቸው ደግሞ 8 በመቶው። ደስ ይላል፣ ግን ተሳታፊዎቹ በጠቅላላ 67 ናቸው። ይህን የምለው አንድ ጓደኛዬ ያንን ወረቀት አንብቦ «መድኃኒቴን ላቁም» ስላለኝ ነው። ተጣላን። ሐኪሙን ሳያማክር እንዳይሞክራት!

እኔ ተሽሎኛል። ከእርጎው ነው ወይስ በባዶ ሆድ ቡና ከማቆሜ? ቡናው ይመስለኛል። አሁንም እጠጣለሁ፣ ግን ከገንፎው በኋላ፣ አቦል ብቻ።

ከ5 4 ሰጥቻታለሁ። አንዷን የቀነስኩት እርጎው ከ3 ሰዓት በኋላ ስለማይገኝና ዋጋው ከጎረቤቶቹ በ10 ብር ስለሚበልጥ ነው። በተለይ ደሴ ብርዱ በጠናበት ጠዋት በሩ አጠገብ አትቀመጡ፣ ከምድጃው ጎን ያለችውን ጠረጴዛ ያዙ። ስኳርም አልፈልግም በሉ፣ ዝም ካላችሁ ሁለት ማንኪያ ይጨምሩበታል።