የጥይት ማስቀመጫ፦ የብረት ሳጥን፣ የፕላስቲክ ዕቃ ወይስ የአባት ዝናር?

በፈቃድ የተመዘገበ ጠመንጃ ያላቸው ወዳጆቼ ግንቦት በተጋመሰ ቁጥር «ክረምቱ ሳይገባ ጥይቱን በምን እናስቀምጠው?» እያሉ ይጠይቁኛል። ለእያንዳንዳቸው ደጋግሜ መመለሱ ስለሰለቸኝ፣ ይልቁንም እኔ የከሰርኩትን 1,400 ብር እነሱም እንዳይከስሩት፣ መልሴን በጽሑፍ ማስፈሩን መርጫለሁ። የምጽፈውም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ላለው ሰው ብቻ ነው። ምርጫዬን ሳልደብቅ ልናገር፤ ክዳኑ ዙሪያውን ጎማ ያለው፣ ያገለገለ የወታደር ብረት ሳጥን ግዙ።

ለዚህ ሳጥን ምናለሽ ተራ ውስጥ 3,200 ብር ተጠይቄ፣ ሁለት ጊዜ ሄጄ ተመልሼ በ2,600 ወሰድኩት። አገር ውስጥ የተበየደውና አዲስ ቀለም የተቀባው አምሳያ 1,400 ብር ነበር። በአራት ጎን የሚቆለፈው የወጥ ቤት ፕላስቲክ ዕቃ ደግሞ በ750 ብር ይገኛል። ልዩነቱ ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን የተበላሸ ጥይት የሚተካበት ዋጋና ውጣ ውረድ ሲታሰብ ርካሹ ሳጥን ከሁሉም ውድ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አምሳያውን ከሁለት ዓመት በፊት በሰኔ ገዝቼ አርባ ጥይት አስቀመጥኩበት። መስከረም ላይ ስከፍተው የአሥራ አንዱ ቀለሃ አንገቱ ላይ አረንጓዴ ዝገት አብቅሎ ነበር። ሳጥኑን ገልብጬ ስመረምረው በክዳኑ ዙሪያ የተለጠፈው ጎማ ሳይሆን የፍራሽ ስፖንጅ ሆኖ ተገኘ፤ በብየዳው መገናኛ ላይ ደግሞ መርፌ የሚያሾልክ ቀዳዳ በቀለም ብቻ ተደፍኗል። ስፖንጁ የክረምቱን እርጥበት መጥጦ ለጥይቱ ሲያቀርብ ከርሟል ማለት ነው። ሻጩም ዕቃው ከእጁ ከወጣ በኋላ አያውቀኝም። አሁን ሚስማር አስቀምጬበታለሁ፤ ሚስማሩም ዝጓል።

የዛጉትን ጥይቶች «ተኩሰህ ሞክራቸው» ያለኝን ሰው አልሰማሁትም፤ ለፖሊስ አስረከብኳቸው። ባሩዱ ከደከመ እርሳሱ አፈሙዙ ሳይደርስ በርሜሉ ውስጥ ሊቀረቀር ይችላል፤ ያንን ሳያውቁ ሁለተኛ መተኮስ ደግሞ በርሜሉን ሊያፈነዳው ይችላል።

ዕድሜው ስንት ነው ለሚለው ጥያቄ፣ በደረቅና በቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጠ የፋብሪካ ጥይት አሥርተ ዓመታት ይቆያል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከተሠሩት ውስጥ ዛሬም የሚተኩሱ አሉ። ጭስ አልባው ባሩድ የሚሠራው ከናይትሮሴሉሎስ ስለሆነ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ በጣም በዝግታ ይፈርሳል፤ አብሮት የተቀላቀለው ማረጋጊያ ኬሚካል ፍርሰቱን ይገታዋል፣ ሙቀት ግን ማረጋጊያውን ቶሎ ያሟጥጠዋል። በዚህ ረገድ የአዲስ አበባ ደጋነት ይጠቅመናል። ሆኖም እንደ እኛ ሰራተኛ ሰፈር ባለው አሮጌ ቤት፣ ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ላይ የተሰቀለ ጥይት በበጋ ቀን እየጋለ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ጤዛ ይይዛል። የቁም ሣጥን የታችኛው ወለል ይሻላል። የመኪና ኪስና ዕቃ መጫኛስ ከኮርኒሱም ይብሳሉ።

ፕላስቲኩን ሙሉ በሙሉ አልንቀውም፤ ክዳኑ አዲስ ሳለ አየር አያስገባም። ችግሩ ማያያዣዎቹ ናቸው፤ የእኔ በሁለተኛው ዓመት አንዱ ተሰበረ፣ ብቻውን የሚሸጥ መለዋወጫ አላገኘሁለትም፣ ቁልፍም የሚገባበት ቦታ የለውም።

የአባት ዝናር ግን ለጌጥ ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ቆዳ የሚለፋበት ታኒን ነሐሱን ስለሚበላ ጥይት በቆዳ ኪስ ውስጥ ዓመታት ሲቀመጥ አረንጓዴ ቅባት ያወጣል። ሽማግሌዎች ይህን አይተው ጥይቱን ዘይት ይቀቡት ነበር፤ ዘይቱ ግን ቀለሃው ግርጌ ወዳለችው እሳት ለኳሽ ቆብ ሰርጎ ስለሚገባ ጥይቱን ሊያከሽፈው ይችላል። ከዶሮ ቤትና ከከብት በረትም ይራቅ፤ በሕንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር በዝናብ ወራት በፈረስ ጋጣ አጠገብ ያከማቸው ቀለሃ ይሰነጠቅ የነበረው ከሽንቱ በሚወጣው አሞኒያ ነው።

ወደ ሳጥኔ ልመለስ። ያገለገለ እንደመሆኑ ጎማው፣ ሠራተኞቹ ጎሚኒ የሚሉት፣ ደርቆ ሊሆን ይችላል፤ የእኔንም ልኩን ወስጄ ከመኪና በር ጎማ በ180 ብር አስቆርጬ ተክቼዋለሁ። ከዚያ ደረቅ ጋዜጣ ከትቼበት፣ ድንጋይ ጭኜበት በውኃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ አሳደርኩት፤ ጠዋት ጋዜጣው እንደ ደረቀ ነበር። ከጫማ ካርቶን የሚወጡትን የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ሰብስቤ ጨምሬበታለሁ፣ እነሱም በነጻ ናቸው። የሚገዛ ሰው ሰማያዊውን ይምረጥ፤ እርጥበት ሲጠግብ ወደ ሮዝ ስለሚለወጥ መቼ መድረቅ እንዳለበት ይናገራል።

ለመግዛት ስትሄዱ ቀጭን ወረቀት ያዙ። ግማሹን በክዳኑ አፍ ላይ አድርጋችሁ ቆልፉና ሳቡት፤ በአራቱም ጎን ተነክሶ ከቀረ ጎማው ይሠራል፤ ተንሸራቶ ከወጣ የጎሚኒውን 180 ብር ከዋጋው አስቀንሱ። እንዳትሞክሩ የሚከለክላችሁን ሻጭ ትታችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ።