ደሴ ላይ ቤት ለምትሠሩ፦ ይህን ኢንጂነር አናግሩት

ተመስገን፣ የእናታችን ቤት አልቆ ገብታበታለች። ቤቱን ዲዛይን አድርጎ እስከ መጨረሻው ሶሌታ ሙሌት ድረስ ለተቆጣጠረልን ወንድማችን በአደባባይ ምስጋና ሳናቀርብ መቅረት ነውር ነው። ስሜ አይጻፍ ስላለ ግን አልጽፈውም።

ገና ቦታውን ሲያይ የጠየቀን ስለ ክፍል ብዛት አልነበረም። «ዝናቡ የሚመታችሁ ከየት በኩል ነው?» አለ። የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ በልጉም አለ። አርማታ እየራሰ እየደረቀ ሲኖር ፌሮው ይዝጋል። የዛገ ፌሮ ደግሞ ያብጣል፤ ከውስጥ ገፍቶ አርማታውን ይሰነጥቀዋል። ጠርዙ ተልጦ ቡናማ ፌሮ ያፈጠጠበት ኮለን (ምሰሶ) ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ስለዚህ ትልቁ ጭንቀቱ የሽፋኑ፣ ማለትም ፌሮውን ከውጭ የሚሸፍነው አርማታ ውፍረት ነበር። ሙሌት ከመጀመሩ በፊት ሜትሩን ይዞ ቁጢጥ ይልና ከፌሮው እስከ ሳንቃው ያለውን ክፍተት ይለካል። ኮለን ላይ 3 ሳንቲ ሜትር፣ መሠረት ላይ 5። የእንጨት ስባሪ የተወተፈበትን ሁሉ አስወጥቶ፣ አስቀድሞ በአሸዋና በሲሚንቶ ያስቀረጸውን ስፔሰር (ፌሮውን ከሳንቃው የሚያርቅ ትንሽ ድጋፍ) አስገባበት። ምክንያቱን ስጠይቀው በደንብ አስረዳኝ። ጤነኛ አርማታ ፌሮውን ከዝገት ይጠብቃል። ከአየር የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ያንን ጥበቃ ከውጭ ወደ ውስጥ ቀስ እያለ ያጠፋዋል። ሽፋኑ እጥፍ ከሆነ፣ ፌሮው ጋ ለመድረስ 4 እጥፍ ገደማ ዘመን ይፈጅበታል። ከዚያ ወዲህ ስለ አንድ ሳንቲ ሜትር ያለኝ አመለካከት ተቀይሯል!

ውሃ ላይም ፍንክች አይልም። ሠራተኛ አርማታው እንዲፈስለት ውሃ መጨመር ይወዳል፤ አይፈረድበትም፣ ሥራው ከባድ ነው። ትርፉ ውሃ ግን ሲተን ቀዳዳ ጥሎ ይሄዳል። እሱ ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ ከ25 ሊትር በላይ አላስጨመረም፤ አሸዋው ዝናብ የመታው ከሆነ ከዚያም ይቀንሳል። አርማታውን የሚያስተኛው በቫይብሬተር፣ እያንቀጠቀጠ አየሩን በሚያስወጣ ማሽን ነው።

በረንዳውን ሳልጠቅስ አላልፍም። ወደ ውጭ የወጣ በረንዳ ዋናው ፌሮው ከላይ ነው፤ ከተረገጠ ወደ ታች ይወርድና ጥቅሙ ይቀራል። ስለዚህ መረማመጃ ሳንቃ አስነጠፈ። ከበረንዳው ሥር ጠርዙን ተከትሎ ቀጭን ቦይ አስወጣ፤ ውሃው እዚያው ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ግድግዳው አይሄድም። ከሙሌት በኋላ ደግሞ ጆንያ አልብሶ፣ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ እንድናጠጣ አስጠነቀቀን። ማታም ብቅ ብሎ ጆንያውን በእጁ ይዳስሳል።

ዋጋው ከሌሎች ትንሽ ይወደዳል። ልኩ ካልተስተካከለም ሚክሰር ተከራይታችሁ ብትቆሙ እንኳ ሙሌት አያስጀምርም። ኮንትራክተራችን መጀመሪያ ተቆጥቶ ነበር፤ በኋላ ግን ስፔሰሩን ራሱ ማስቀረጽ ጀመረ።

ኮምቦልቻም ወርዶ ይሠራል። መሬቱን ማየት ስለሚፈልግ ቁፋሮ ሳትጀምሩ አናግሩት። ስልኩን ለመስጠት ፈቅዶልኛል፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ወንድማችን፣ እድሜና ጤና ይስጥልን። እናታችንም «እጁ ይባረክ» ብላለች።