የ2001 እና የ2002 ፍሬይትላይነር ኮሎምቢያ ከዲትሮይት 12.7 ሞተር ጋር፦ በርካሽ ትራክ የራስን ሥራ ለሚጀምር ሰው የቀረበ ግምገማ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሚኒሶታ፣ በዳላስና በሲያትል ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል ከታክሲ ወደ ከባድ መኪና የተሻገሩት ብዙዎች ናቸው። ሲዲኤል የሚባለውን የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ አውጥተው ለካምፓኒ ጥቂት ጊዜ ከነዱ በኋላ አብዛኞቹ አንድ ጥያቄ ላይ ይደርሳሉ፤ የወር ክፍያ የሌለበት አሮጌ ትራክ በእጅ ገንዘብ ገዝቶ ኦውነር ኦፐሬተር፣ ማለትም በራሱ ትራክ የሚሠራ ሹፌር፣ መሆን ያዋጣ ይሆን? ይህ ግምገማ ለዚያ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የተጻፈ ሲሆን፣ የሚመለከተው በተለይ አንድ ዓይነት መኪናን ነው፤ የ2001 ወይም የ2002 ሞዴል የሆነውን፣ ባለ 12.7 ሊትር ዲትሮይት ሲሪስ 60 ሞተርና ባለ አሥር ማርሽ የእጅ ካምቢዮ የተገጠመለትን ፍሬይትላይነር ኮሎምቢያ። የዚህ ዓይነት ትራክ ባለቤት ነኝ፤ ከቨርጂንያ እየተነሣሁ በምሥራቅና በደቡብ ግዛቶች ደረቅ ጭነት እጎትትበታለሁ።

አሮጌ ትራክ የሚፈልግ ሰው ከመኪናው ዓመት ይልቅ የሞተሩን ዓመት ማየት አለበት። በአሜሪካ የናፍጣ ሞተሮች በየጊዜው በወጡ የጭስ ደንቦች የተከፋፈሉ ናቸው። ሞተር አምራቾች በ1998 ከመንግሥት ጋር ባደረጉት የፍርድ ቤት ስምምነት መሠረት፣ ለ2004 ታስቦ የነበረው ደንብ ከኦክቶበር 2002 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ፤ አብዛኞቹ አምራቾችም ከጭሱ ከፊሉን አቀዝቅዞ መልሶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን ኢጂአር ገጠሙ። በ2007 ጥላሸት የሚያጣራው ዲፒኤፍ ተጨመረ፤ በ2010 ደግሞ ጭሱን ለማጽዳት የሚረጨው፣ ዴፍ የሚባለው የዩሪያ ፈሳሽ መጣ። ማስታወቂያ የሚያስሱ ሰዎች የ2008 እና የ2009 ትራኮች ከዕድሜያቸው ይልቅ ረክሰው በማየታቸው ይደሰታሉ፤ የረከሱበት ምክንያት ግን ኢጂአሩንም የመጀመሪያውን ትውልድ ዲፒኤፍም አንድ ላይ የተሸከሙ በመሆናቸው ነው። የኢጂአሩ ማቀዝቀዣ ሲሰነጠቅ የራዲያተሩ ውኃ ወደ ሞተሩ ይገባል፤ ማጣሪያው ሲደፈን ደግሞ ሞተሩ ራሱ ጉልበቱን ቀንሶ ጭነት እንደያዘ በመንገድ ዳር ያስቆማል። እነዚህ ዕቃዎች ተነቅለው የተጣሉባቸው ትራኮችም ለሽያጭ ይቀርባሉ፤ ይህ የፌዴራሉን የንጹሕ አየር ሕግ መጣስ ስለሆነ፣ ሻጩ ዋጋውን ምንም ያህል ቢያወርደው መተው ይገባል።

ከኦክቶበር 2002 በፊት የተሠራው 12.7 ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው። ሲሪስ 60 በ1987 ለገበያ ሲቀርብ የነዳጅ አሠራሩ ከመነሻው በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ የመጀመሪያው የከባድ መኪና ሞተር ነበር፤ በመሆኑም የዚህን ያህል ያረጀ ቢሆንም ኮምፒውተር ተሰክቶበት ችግሩን ይናገራል። መካኒክ ሁሉ ያውቀዋል፣ ዕቃው በየከተማው ይገኛል፣ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡ ግቢዎችም በዚሁ ሞተር ክፍሎች የተሞሉ ናቸው። ለአንድ ሰው አንድ መኪና ይህ ከፈረስ ጉልበት የሚበልጥ ጥቅም ነው፤ ትራኩ ጋራዥ በተኛበት ቀን ሁሉ ገቢው ዜሮ ነውና።

በመንገድ ላይ የሚሰጠው አገልግሎት ከምጠብቀው በላይ አስደስቶኛል። ሙሉ ጭነት ይዞ፣ ማለትም አጠቃላይ ክብደቱ በሕግ ከተፈቀደው 80 ሺህ ፓውንድ ሲጠጋ፣ በኢንተርስቴት 77 የፋንሲ ጋፕን ዳገት እንደ አዲሶቹ በፍጥነት አይወጣም፤ ነገር ግን ማርሽ በጊዜው ለሚቀንስ ሹፌር ሙቀቱ ሳይጨምር በትዕግሥት ይወጣል። ቁልቁለት ላይ ጄክ ብሬኩ፣ ማለትም መኪናውን በሞተሩ ኃይል የሚይዘው ፍሬን፣ የሚታመን ነው፤ በዌስት ቨርጂንያ በ7 ፐርሰንት የሚወርደውን የሳንድስቶንን ተራራ ፍሬኑን ሳያግል ያወርዳል። የፊት አክስሉ ወደ ኋላ ገባ ብሎ የተቀመጠ በመሆኑ በጠባብ የመጋዘን ግቢ ውስጥ ዙሮ ወደ መጫኛው ለመጠጋት ብዙ ቦታ አይጠይቅም፤ ኮፈኑ ወደ ፊት ዝቅ ስለሚል የፊቱም ዕይታ ጥሩ ነው። የጋቢናው ምቾት ግን የዘመኑ ምቾት አይደለም። የነፋሱና የሞተሩ ድምፅ ከአዲሶቹ ይልቅ ይሰማል፤ የመተኛ ክፍሉን ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ለብቻው የሚያስነሣ ኤፒዩ የሚባል መሣሪያ ከሌለው ደግሞ ዋናውን ሞተር ሌሊቱን ሙሉ አስነሥቶ ማደር ሊያስፈልግ ይችላል፤ ይህም በሰዓት እስከ አንድ ጋሎን የሚጠጋ ናፍጣ ያቃጥላል፣ በብዙ ግዛቶችም በሕግ የተገደበ ነው። ኤፒዩ ያለውን መርጦ ትንሽ ጨምሮ መግዛት ይሻላል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሹፌር በዓመት 100 ሺህ ማይል ይነዳል እንበል። እንዲህ ያለው ትራክ በአንድ ጋሎን 6 ማይል ያህል ይሄዳል፤ አዲሱ 7.5 ማይል ቢሄድ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በዓመት 3,333 ጋሎን ነው። ጋሎኑ በ4 ዶላር ሲታሰብ 13,300 ዶላር ገደማ ይሆናል። ለጥገና በየማይሉ 15 ሳንቲም ይቀመጥ፤ ይህ ደግሞ 15 ሺህ ዶላር ነው። በሌላ በኩል ለአዲሱ ትራክ በወር 2,500 ዶላር ቢከፈል በዓመት 30 ሺህ ይሆናል። ስለዚህ በ100 ሺህ ማይል አሮጌው ትራክ የሚያተርፈው ከ2,000 ዶላር ያነሰ ነው፤ አዲሱም የራሱ ጥገና ቢኖረው እንኳ፣ አሮጌው ቆሞ የሚያጠፋው ቀን ሲታሰብ ልዩነቱ ብዙም የሚያጓጓ አይደለም። ማይሉ ወደ 60 ሺህ ሲወርድ ግን ሥዕሉ ይለወጣል። የነዳጁ ልዩነት 8,000 ዶላር፣ የጥገናው 9,000 ዶላር ሲሆን፣ የአዲሱ ክፍያ ግን ማይል ቢቀንስም ያው 30 ሺህ ነው፤ አሮጌው በዓመት 13 ሺህ ዶላር ያህል በኪስ ያስቀራል።

በእኔ ግምት የርካሽ ትራክ ትክክለኛ ገዢ ቀን ከሌት ለመሮጥ የሚያስብ ሰው ሳይሆን፣ ቅርብ ቅርብ ጭነት እየመረጠ ቅዳሜና እሑድ ቤቱ የሚገባ፣ ዋጋ ሲወርድም ርካሽ ጭነት አልጭንም ብሎ መኪናውን ማቆም የሚችል ሰው ነው። ወላጅ ለመጠየቅ ወይም ለእኅት ሠርግ ወደ አገር ቤት ሄዶ ሁለት ወር የሚቆይ ሰው፣ የትራክ ዕዳ ሲከተለው ዕረፍቱ ሁሉ ስጋት ይሆንበታል። በ2021 እና በ2022 የትራክ ዋጋ ሰማይ በነካበት ጊዜ በብድር የገዙ፣ ከዚያም የጭነት ዋጋ ሲወድቅ ትራካቸውን ያስረከቡ ወንድሞችን ስለማውቅ፣ ዕዳ አልባነትን ከሁሉ አስቀድሜ እመዝናለሁ።

ይህን መኪና ፈጽሞ መግዛት የሌለባቸው ሰዎችም አሉ። ካሊፎርኒያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ከ14 ሺህ ፓውንድ በላይ የሆኑ የናፍጣ መኪናዎች 2010 ወይም ከዚያ ወዲህ የተሠራ ሞተር እንዲኖራቸው ታስገድዳለች፤ ደንቡ ከሌላ ግዛት የሚመጡትንም ይመለከታል። ስለዚህ በላስ ቬጋስ ወይም በፊኒክስ ለሚኖርና ሥራው ከሎስ አንጀለስና ከሎንግ ቢች ወደቦች ጋር ለተሳሰረ ሹፌር ይህ ትራክ አይሆንም። ሲዲኤላቸውን በአውቶማቲክ መኪና ተፈትነው የወሰዱ ብዙ አዳዲስ ሹፌሮችም በመንጃ ፈቃዳቸው ላይ ኢ የሚል ገደብ አለባቸው፤ ይህ ገደብ ሳይነሣ በእጅ ካምቢዮ መንዳት ክልክል ነው። ገደቡን ለማስነሣት በማንዋል መኪና እንደገና መፈተን ያስፈልጋል፤ ይህን ሳያስተውሉ ትራክ ገዝተው ግቢ ያቆሙ ሰዎች መኖራቸው ያሳዝናል። በሌላ ካሪየር (የማጓጓዣ ኩባንያ) ሥር ለመሥራት የሚያስብም ከመግዛቱ በፊት ካሪየሩን ይጠይቅ፤ የትራክ ዕድሜ ገደብ ያላቸው በርካታ ናቸው።

ከሻጮች አፍ ደጋግሞ የሚሰማው «ይህ መኪና ኢኤልዲ አያስፈልገውም» የሚለው አባባልም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሞተር ዕድሜ ምክንያት ከኢኤልዲ፣ ማለትም የሹፌሩን የሥራ ሰዓት ከሚመዘግበው ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ፣ ነጻ የሚሆኑት ከ2000 በፊት የተሠራ ሞተር ያላቸው ብቻ ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ የወረቀት መዝገብ መያዝ አለባቸው። የ2001 እና የ2002 ሞተር ኢኤልዲ ያስፈልገዋል። በእነዚህ ዓመታት ከተሠሩት አንዳንዶቹ የኮምፒውተር መሰኪያቸው ባለ ስድስት ቀዳዳ ስለሆነ፣ መሣሪያውን ከመግዛት በፊት ከዚያ ጋር መሥራቱን ማረጋገጥ ይገባል።

ትራኩን ለማየት ሲሄዱ ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያስነሣው ይንገሩት፤ ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ የሚያሳየውን ነገር የሞቀ ሞተር ይደብቃል። ከሞቀ በኋላ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትተው በአፉ ላይ ገልብጠው ያስቀምጡት። ትንሽ ጭስ በዚህ ዕድሜ የሚጠበቅ ነው፤ ግፊቱ ክዳኑን አንሥቶ የሚጥለው ከሆነ ግን የፒስተኑ ፋሻና የሲሊንደሩ ካሚቻ ተበልተዋል፤ ሞተሩን በቦታው እንዳለ ማደስ ከ15 ሺህ እስከ 25 ሺህ ዶላር ሊያስወጣ ይችላል። ከዘይቱ ትንሽ ቀድቶ ወደ ላቦራቶሪ መላክ በጥቂት አሥር ዶላሮች የሚያልቅ ምርመራ ሆኖ ሳለ የሚያደርገው ሰው ማነሱ ይገርመኛል፤ በዘይቱ ውስጥ የተገኘው ብረት፣ መዳብ፣ እርሳስና የራዲያተር ፈሳሽ የሞተሩን ውስጥ ሳይከፍቱ ያሳያል። በዳሽቦርዱ ላይ ባለው የማይል ቁጥር አይታመኑ። ከ16 ሺህ ፓውንድ በላይ የሆነ መኪና ሻጭ የማይሉን ትክክለኛነት በፌዴራል ሕግ የማረጋገጥ ግዴታ የለበትም፤ ስለዚህ የሞተሩ ኮምፒውተር በዲትሮይት መሣሪያ ተነቦ ማይሉ፣ የሠራበት ሰዓትና የተመዘገቡት ብልሽቶች ይታዩ፣ ኮምፒውተሩም ተለውጦ ሊሆን ስለሚችል ከጥገና ደረሰኞች ጋር ይነጻጸሩ።

ሻንሲው፣ ማለትም መኪናውን የተሸከመው የብረት አጽም፣ ሌላው ወሳኝ ነገር ነው። በክረምት ጨው በሚበተንባቸው ሰሜናዊ ግዛቶች የኖረ ትራክ በተደራረቡት ብረቶች መካከል ዝገት ይሠራል፤ ዝገቱ እያበጠ ብረቱን ከብረት ይገነጥላል። ሞተር ይታደሳል፣ ካምቢዮ ይለወጣል፤ የተበላ ሻንሲ ግን መኪናውን ያበቃዋል። ስለዚህ ከቴክሳስ ወይም ከጆርጂያ የመጣውን መርጦ፣ ቢያስፈልግም ለጉዞው ትንሽ አውጥቶ መግዛት ያዋጣል። ጎማዎቹንም ይቁጠሩ፤ የፊቶቹ ጥርስ ጥልቀት በሕግ ከ4/32 ኢንች፣ የሌሎቹ ከ2/32 ኢንች ማነስ የለበትም፤ አሥሩንም መለወጥ ካለብዎ በቀላሉ ከ4,000 ዶላር በላይ ስለሚያስወጣ ከዋጋው ላይ ይቀነስልዎ።

ከግዢው በኋላ የሚመጣው ወጪ ከትራኩ ዋጋ ጋር የሚወዳደር ነው። በራስ ኦቶሪቲ (በራስ ስም ጭነት ለማጓጓዝ በሚሰጥ የመንግሥት ፈቃድ) ለሚሠራ ሰው ሕጉ ለተራ ጭነት የሚጠይቀው ዝቅተኛ የኃላፊነት ኢንሹራንስ 750 ሺህ ዶላር ቢሆንም፣ ብሮከሮች (ጭነት የሚያገናኙ ደላሎች) በአብዛኛው የ1 ሚሊዮን ዶላርና የ100 ሺህ ዶላር የጭነት ኢንሹራንስ ይፈልጋሉ፤ አዲስ ኦቶሪቲ ላለው ሰው ይህ በዓመት ከ12 ሺህ ዶላር በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። ከ75 ሺህ ፓውንድ በላይ ለሚመዘን መኪና በ2290 ቅጽ የሚከፈለው 550 ዶላር የመንገድ ግብር አለ፤ የግዛቶች ታርጋና የነዳጅ ግብር ሒሳብም ይከተላሉ። አበዳሪዎች ለዚህን ያህል አሮጌ ትራክ ገንዘብ ለመስጠት ስለማይደፍሩ ብዙ ወገኖቻችን ዕቁባቸውን አስቀድመው ወስደው ይገዛሉ። ይህን የምደግፈው ለጥገና የሚሆን ቢያንስ 10 ሺህ ዶላር ከዕቁቡ ውጪ በባንክ ላስቀመጠ ሰው ነው፤ የዕቁብ መዋጮ ትራኩ ቢቆምም አይቆምምና።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ሞተሩ ስለመታደሱ የጋራዥ ደረሰኝ ያለው፣ ሻንሲው ንጹሕ የሆነና ኤፒዩ ያለው ኮሎምቢያ እስከ 18 ሺህ ዶላር ቢጠየቅበት ተገቢ ነው እላለሁ። «ሞተሩ ታድሷል» ተብሎ በቃል ብቻ ለሚቀርበው ግን ከ10 ሺህ ዶላር በላይ አልከፍልም፤ የእድሳቱን ወጪ ነገ የምሸፍነው እኔ እንደሆንሁ ቆጥሬ ነው የምገዛው።